ሁለት አዳይ በአንድ ቤት

የመጽሔቱ አዘጋጆች ከሕክምና ተማሪዎች ወገን ስለ ጤና አንድ ጽሑፍ ይቅረብ ብለው ሲጠይቁን፣ ስለ ጨጓራ ወይም ስለ ዐይን እንድንጽፍ እንደ ጠበቁ እናውቃለን። እኛ ግን ይዘን የመጣነው የአንድ ቤት ሕመም ነው። ታማሚው ሰው አይደለም፤ በዚህ በካይሮ ከተማ፣ ናስር ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰባት ሆነን የምንኖርበት ቤት የኮምፒዩተር መረብ ነው። ነገር ግን በሕመሙ ምክንያት የተጎዳው ሰው ነበርና፣ የጎዳነውም እኛው ነበርንና፣ ጉዳዩን በቤት ውስጥ ዘግተን ከማስቀረት ይልቅ በማኅበራችን አባላት ፊት ማቅረቡን መረጥን።

ሰባታችን እነማን እንደ ሆንን እንናገር። ሁለታችን፣ ማለትም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች፣ በስኮላርሺፕ ሕክምና የምንማር ነን። አንዱ የደሴ ልጅ ፋርማሲ ያጠናል። ሁለቱ የሐረር ልጆች ንግድ ሥራ ይማራሉ። ጋሼ የምንላቸው ታላቃችን አገር ቤት ካሉበት የመምህርነት ሥራ ፈቃድ ወስደው ለዶክትሬት የመጡ ናቸው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥተው ስለሚጽፉ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይተኛሉ፤ ከዚያ በኋላ በራቸውን ማንኳኳት ማንም አይደፍርም። ሰባተኛው ታናሻችን፣ የጎንደር ልጅ፣ የአንደኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ነው። ስልኩ ባለ ቁልፍ አሮጌ ነው፤ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ሳሎኑ ጥግ ለተከላት አንዲት የጠረጴዛ ኮምፒዩተር አውሎታል።

ግብፅ ውስጥ የቤት ኢንተርኔት የሚሸጠው በወር በተቆረጠ ጊጋባይት መሆኑን እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። «ባቃ» ይሉታል። ባቃው ወሩ ሳይገባደድ ሲያልቅ በቤታችን የማይነሣ ጠብ አልነበረም፤ ማን ፊልም አየ፣ ማን ኳስ አየ፣ ማን ሌሊቱን ሙሉ ከእጮኛው ጋር አወራ እየተባባልን አንዳችን የሌላውን ስልክ በጎሪጥ እስከ ማየት ደርሰን ነበር። መፍትሔውን ያመጣው ታናሻችን ነው። ገንዘብ አዋጥተን በባብ ኤል ሉቅ አካባቢ ካለው ከቡስታን የኮምፒዩተር ገበያ አንድ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ገዛን። እሱ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ጨመረበትና ሊኑክስ ጫነበት። ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ያኔ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የ21 ዓመት ወጣት እንደ ነበር የነገረንም እሱ ነው፤ «ተማሪ የሠራውን ተማሪ ይጠቀምበት» ብለን ሳቅን።

አሠራሩ ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛው ካርድ የስልክ መስመሩ ወደሚገባበት ሞደም ይመለከታል፤ ሁለተኛው ወደ ቤታችን። ከሁለተኛው ካርድ የወጣው ኬብል ባለ ስምንት ቀዳዳ ስዊች ውስጥ ይገባል፤ ከስዊቹም አንዱ ኬብል ወደ ታናሻችን ኮምፒዩተር፣ አንዱ ወደ ጋሼ ክፍል፣ አንዱ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ወደ ሰቀልናት ትንሽ የዋይፋይ ሳጥን ይሄዳል። ሊኑክሱ ከአንዱ ካርድ የተቀበለውን ለሌላው እንዲያሳልፍ ይታዘዛል። የቤቱ አድራሻዎች 10.20.0 ብለው የሚጀምሩ ናቸው፤ ለግል መረብ ብቻ እንዲውሉ በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ከተለዩት መካከል ስለ ሆኑ ከቤት ሲወጡ በሞደሙ በኩል ባለው አድራሻ ይሸፈናሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሊኑክሱ አዳይ ነው። ማንኛውም ስልክ ወይም ላፕቶፕ ወደ ቤቱ ሲገባ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?» ብሎ ይጮኻል፤ አዳዩ «እኔ ነኝ፤ አድራሻህ ይህ፣ መውጫ በርህ እኔ፣ ለ12 ሰዓት ያንተ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህን አሠራር ባለሙያዎቹ ዲኤችሲፒ ይሉታል። አዳዩ ስለሚመዘግብም ማን ምን ያህል ጊጋባይት እንደ በላ በየሳምንቱ ማቀዝቀዣው ላይ እንለጥፍ ጀመር። ጠቡ ቀረ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ታናሻችን ብቻ ነበር፤ ይህ ነገር በኋላ ጣጣ አመጣበት።

የዋይፋይ ሳጥኗ ጉዳይ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ላይ ነውና። ስትገዛ ራሷን የቻለች ራውተር ነበረች፤ እሷም አድራሻ ማደል ታውቃለች። ታናሻችን ግን ማደሉን አጥፍቶባት፣ ኬብሉን ወደ ኢንተርኔት በሚወስደው ቀዳዳ ሳይሆን ከቤት መሣሪያዎች ቀዳዳ በአንዱ ሰክቶ፣ ከአየር ወደ ሽቦ የምታቀብል ተላላኪ ብቻ አድርጓት ነበር።

ጊዜው የካቲት 2017 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ቀን ስለ ገቡ፣ የቤታችን ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ለጾማቸው በአንድ ኩሽና ሽር ጉድ ይሉ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት፣ ሰኞ ማታ፣ ከትምህርት የተመለስነው ሁሉ ስልካችንን ስንከፍት የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔት ግን የለም። የደሴው ልጅ እናት በዚያች ቀን አገር ቤት ሆስፒታል ገብተው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። እኅቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በስልኩ ቴሌግራም እንደምትደውልለት ቀጠሮ ነበራቸው። የራሱ የሞባይል ባቃ ካለቀ ቀናት አልፈዋል። እኛም ያለንን ልናካፍለው ስንል የሁላችንም ከአንድ ቀን በፊት ተሟጧል፤ የወር መጨረሻ ተማሪ መቼም ይታወቃል።

ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። እሱ ስልኩን ይዞ ከክፍል ክፍል ሲዞር ሳሎኑ ጥግ ደረሰ። የታናሻችን ኮምፒዩተር ባለቤቱ ቤተ መጻሕፍት እያለ ተቆልፎ፣ ከኋላው አረንጓዴዋ መብራት ያለ ዕረፍት ብልጭ ብልጭ ትላለች። አንድ ነገር እያወረደ ነው። ቤቱ ሁሉ ሲሞት አንድ ኮምፒዩተር ብቻ በሕይወት አለ! የደሴው ልጅ ለብዙ ጊዜ ቆሞ ያቺን መብራት አያት። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወርዶ፣ እዚህ ባዋብ ከሚሉት ከበረኛው ስልክ መስመር ተበድሮ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቆየ። እናቱ በደኅና መውጣታቸውን የሰማው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። እስከዚያ ድረስ ያሉትን ሦስት ሰዓታት እንዴት እንዳሳለፋቸው አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ማክሰኞ ማታ የቤቱን ስብሰባ ጠራን። በአንዳንድ የቆዩ የተማሪ መጽሔቶች ላይ ሂስና ግለ ሂስ የሚሉትን አንብበን ነበርና ቋንቋውን ወደድነው። ሂሱን አበዛነው፤ ግለ ሂሱ ግን አልመጣልንም። ተናጋሪዎቹ እኛ ሁለታችን ነበርን። የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ነው? ባለፈው ወር ከማናችንም በላይ ጊጋባይት የበላ ማን ነው? ሁላችን ስንቋረጥ ያልተቋረጠው የማን ነው? ሦስቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ ነበራቸው፤ ለእኛም ያ በቂ መሰለን። ታናሻችን ጆሮው እስኪቀላ ሰማን። ከዚያ ወደ አንዳችን ዘወር ብሎ፣

«ስልክህን አሳየኝ፤ የያዘውን አድራሻ ልየው» አለ።

«ዛሬ ደግሞ ስልካችንን ልትፈትሽ?» ስንል መለስንለት፤ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ሌላ ቃል አልተናገረም። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ሌላ ሕንፃ ወደሚኖሩ የአገራችን ልጆች ዘንድ ሄደ። ኮምፒዩተሩን እንደ ተከፈተች ትቷት ነው የሄደው። ጋሼ ብቻ «ልጁን ሳትሰሙት ፈረዳችሁበት» አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እንግዲህ ታማሚው በእኛ እጅ ቀረ። የሠራነውን ስሕተት በዝርዝር ብንጽፈው ሌላው ሊማርበት ይችላል ብለን እናምናለን። በሊኑክሱ ፊት ተቀምጠን ወደ ውጭ ፒንግ ላክን። ፒንግ በ1983 እ.ኤ.አ. ማይክ ሙስ የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ስሙን የወሰደው መርከቦች ባሕር ውስጥ ድምፅ ልከው ማሚቶውን ከሚያዳምጡበት መሣሪያ ነው። ማሚቶው መጣ። የስም ፍለጋውን ሞከርን፤ ይሠራል። የማሳለፍ ፈቃዱን አየን፤ 1 ይላል፤ ማለት ተፈቅዷል። የመሸፈኛውን ደንብ አነበብን፤ ቆጣሪው እየጨመረ ነው። ኬብል ቀየርን። አምስት ጊዜ አጥፍተን አበራን። ሊኑክሱ ፍጹም ጤነኛ ነበር! ረቡዕ እንዲሁ አለፈ። ታማሚዎቹ ስልኮች ከጎናችን ተኝተው ሳለ የሐኪሙን ልብ ትርታ በማዳመጥ ሁለት ሌሊት አሳለፍን ቢባል ሐሰት አይደለም። ይህን ያደረግነው ደግሞ የሕሙማንን ታሪክ ሳትጠይቅ እጅህን አታሳርፍ ተብሎ በየቀኑ የሚነገረን ሰዎች ነን።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የማኅበረሰብ ጤና ማስታወሻችንን ስናገላብጥ የጆን ስኖው ታሪክ ላይ ደረስን። በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን ሶሆ ሰፈር ኮሌራ ሰው ሲፈጅ፣ ይህ ሐኪም የሞቱትን ብቻ አልቆጠረም። ከብሮድ ስትሪት የውሃ ማውጫ አጠገብ የቢራ ፋብሪካ ነበር፤ ከ70 በላይ ሠራተኞች ነበሩት፤ በኮሌራ የሞተ አልነበረም። ለምን? ሠራተኞቹ ቢራ ይጠጡ ነበር፤ ፋብሪካውም የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ከማውጫው ውሃ አልደረሱም። ያልታመመው ሰው ስለ በሽታው መንገድ ተናገረ።

እኛስ ያልታመመውን ምን አደረግነው? ከቤት አባረርነው።

ወዲያው የጋሼን በር አንኳኳን፤ ሰዓቱ ገና ነበር። «የእርስዎስ ይሠራል?» አልናቸው።

«የእኔ መቼ ቆመና ነው?» አሉ ተገርመው። «እናንተ ስለ ዋይፋይ ስትጮኹ ነበር እኮ የሰማሁት።»

የጋሼ ላፕቶፕ በኬብል የታሰረ፣ ለሳምንታት ክዳኑ ተዘግቶ የማያውቅ፣ ከጠረጴዛው ያልተነሣ ነው። የታናሻችንም ኮምፒዩተር እንዲሁ፤ ይኸው ባለቤቱ ከሄደም በኋላ መብራቷ ትጫወታለች። ስለዚህ ጤነኞቹ ከቤት ያልወጡት ናቸው፤ ታማሚዎቹ ወጥተው የተመለሱት። ስልክ ከውጭ ሲመለስ በሩ ላይ ምን ያደርጋል? አድራሻ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ነው ታናሻችን ማክሰኞ ማታ የጠየቀው ጥያቄ ጆሮአችን ውስጥ የገባው። ስልኩን ከፈትን። አድራሻው 192.168.0.104፤ መውጫ በሩ 192.168.0.1። የእኛ ቤት አድራሻ በ10 ነው የሚጀምረው! ይህ የእንግዳ አድራሻ ነው።

እዚህ ላይ ለአንባቢ የምንመክረው አለ። መረብ ሲታመም መጀመሪያ የሚታየው በታማሚው መሣሪያ ላይ ያለው አድራሻ ነው። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ጮኾ የመለሰለት የለም፤ ራሱ ለራሱ የሰጠው ነው፤ ያን ጊዜ ኬብልና ስዊች፣ ወይም አዳዩ ራሱ መቆሙ ይመረመራል። አድራሻው የቤቱ ከሆነ ወደ መውጫው በር ፒንግ ተልኮ ከዚያ ወደ ፊት ይኬዳል። የማይታወቅ አድራሻ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ ሌላ አዳይ አለ ማለት ነው፤ ሊኑክሱን ቢያጥቡት ቢቀቅሉት ትርፉ ድካም ነው።

ሌላውን አዳይ ለመያዝ ቲሲፒዳምፕ የሚባለውን ማዳመጫ በሊኑክሱ ላይ ከፍተን 67 እና 68 ቁጥር በሮችን እንዲጠብቅ አደረግነው፤ የሐረሩን ልጅ ዋይፋዩን አጥፍተህ አብራ አልነው። መሣሪያ ሁለት አዳይ ሲመልስለት፣ የማንኛውን እንደ ተቀበለ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ያውጃል፤ ያልተመረጠው አዳይ የያዘለትን አድራሻ እንዲለቅ ነው። የሐረሩ ልጅ ስልክም አወጀ፤ የመረጥሁት 192.168.0.1 ነው አለ። የእኛ ሊኑክስ አዲስ አድራሻ ከመስጠቱ በፊት ሌላ ሰው እንዳልያዘው በፒንግ ይፈትሻል፤ ጨዋ ነው፤ ይዘገያል። ያኛው ምንም ሳይፈትሽ ይቀድመዋል። እነ ጋሼ ግን አድራሻቸውን ሲያሳድሱ ቀድሞ የሰጣቸውን አዳይ በቀጥታ ስለሚጠይቁ ሌላኛው ጣልቃ አይገባባቸውም ነበር።

የእንግዳውን የማክ አድራሻ ከእጃችን ካለ ታማሚ ላፕቶፕ ላይ አነበብን። ከዚያ በባትሪ መብራት ቤቱን ዞርን። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለችውን ሳጥን ገልብጠን ከታቿ የተለጠፈውን ወረቀት ስናነብ ቁጥሩ ልክ ያው ሆኖ አገኘነው። እርስ በርሳችን ተያየን። ሁለታችንም አስታወስን።

እሑድ ሌሊት፣ ፈተና ደርሶብን ስናጠና፣ ዋይፋዩ ዘገየብን። ከሳጥኗ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በአንድ ንጹሕ የመርፌ ጫፍ ተጭነን ያዝናት፤ አንዳችን መብራት ያዘ፣ አንዳችን መርፌ። ማን የትኛውን እንደ ያዘ ለራሳችን እንተወዋለን። ሳጥኗ ከፋብሪካ እንደ ወጣች ሆነች። የድሮውን ስምና የይለፍ ቃል መልሰን ሰጠናት፤ ስልካችን ሠራ፤ ተኛን። ፋብሪካ ያስተማራትን ማደል እንደ ገና መጀመሯን አላየንም። አድራሻ ታድላለች፣ «መውጫው በር እኔ ነኝ» ትላለች፤ ወደ ኢንተርኔት የሚወስደው ቀዳዳዋ ግን ባዶ ነው። እሷን አምኖ የሄደ ሁሉ ግድግዳ ይገጥመዋል። እኛ የሁለት ቀን ጥፋታችንን ማክሰኞ ማታ በሌላ ሰው ራስ ላይ ጫንነው።

ለማስተካከል የፈጀው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ በሳጥኗ ቅጽ ላይ አንዲት ምልክት ማንሣት ነው። ሁሉም ዋይፋዩን አጥፍቶ ሲያበራ ቤቱ ሁሉ በመልእክት ድምፅ ተሞላ። የደሴው ልጅ ስልኩን አላበራም። የሆነውን ነገርነው፤ መርፌውንም መብራቱንም አልሸሸግንም። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ «እኔ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ያን ልጅ ስጠላው ነበር» አለ።

ዓርብ ጠዋት ትምህርት አልነበረም። ታናሻችን ካለበት ሄድን። ከመንገድ ፉልና ጠዓሚያ ገዝተን ነበር፤ እጃችን ባዶ እንዳይሆን። በደንብ አስበን የሄድነው ንግግር ደረጃው ላይ ጠፋን፤ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን፣ መርፌውን፣ የስብሰባውን ነገር እየዘለልን ተናገርን። እሱ እስከ መጨረሻ ሰማና፣

«አድራሻውን አሳዩኝ ብዬ ነበር እኮ» አለ።

«ብለህ ነበር።»

«በሰው ፊት ነው የተናገራችሁኝ።»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። አብሮን አልተመለሰም። ቅዳሜ ማታ ሁሉንም ሰብስበን፣ ማክሰኞ ሂሱ በተካሄደበት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ያጠፋነውን በየተራ ቆመን ተናገርን። በዚህ ጊዜ ቋንቋው አላማረም። ጋሼ አልፈረዱም፤ «ልጁን ሄዳችሁ አምጡት፤ እኔም እመጣለሁ» ብቻ አሉ። እሑድ እሳቸው ብርድ ልብሱን ተሸክመው፣ እሱ ተዉኝ ጋሼ እያለ እየለመነ፣ አራተኛ ፎቅ ወጡ።

የደሴው ልጅና እኛ ዛሬም አብረን እንበላለን፤ የእናቱ ጤና ሲጠየቅ ግን መጀመሪያ ለሌሎቹ ነው የሚመልሰው። ታናሻችን ከሊኑክሱ ላይ ሌላ አዳይ ብቅ ሲል የሚያስጠነቅቅ ትንሽ ፕሮግራም ጽፏል። የይለፍ ቃሉን አሁን ሦስት ሰው ያውቀዋል፤ እኛ ሁለታችን ከሦስቱ ውስጥ የለንበትም፤ እንዲኖረንም አልጠየቅንም። የዋይፋይ ሳጥኗ ትንሽ ቀዳዳ በነጭ የቁስል ፕላስተር ተሸፍናለች። ፕላስተሩን ከእኛ ቦርሳ ነው የወሰደው፤ በላዩም በሰማያዊ እስክሪፕቶ «ሐኪም አይንካው» ብሎ ጽፎበታል።